አርባ ሁለት ሰከንድ ስላሻሻለው ባለቤቴ

ለክቡር የሠራዊቱ የአካል ብቃት ፈተና መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በተረጋጋ ትንፋሽና በማይቸኩል የልብ ምት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ለወጉ ያህል አይደለም። ባለፈው አንድ ወር በቤቴ ውስጥ ከትንፋሽና ከልብ ምት ሌላ ያሰብኩት ነገር ስለሌለ፣ ለማንም ሰው በጎ ስመኝ አፌ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ይኸው ሆኗል። ባለቤትዎም ልጆችዎም ደህና እንደሆኑ፣ ደረጃ ሲወጡም ማንም ከኋላ ሆኖ ትንፋሽዎን እንደማያዳምጥ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከካምፑ በር ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ሥር ያለችው አንድ ክፍል ስትሆን፣ የምንኖረውም እዚያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የወታደሮችዎን ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ማዕረግ እሰፋለሁ፣ የተበጠሰ ቁልፍ እተካለሁ፤ ምናልባት የእርስዎም ኮት አንድ ቀን በእጄ አልፎ ይሆናል። ባለቤቴ በሬዲዮ ጥገና ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሃምሳ አለቃ ነው። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ሲሆን፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያገለገለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ አጎንብሶ፣ ከካቻቢቴ የከበደ ነገር ሳያነሳ ነው። ጓደኞቹ እንደሚሉት እሱ የጠገነው ሬዲዮ ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። በመጪው ሐሙስ ጠዋት በአንድ ሰዓት ባለቤቴ በመምሪያዎ ትእዛዝ ሦስት ሺህ ሜትር ይሮጣል። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ነገሩን በአክብሮት ጠቅልዬ ከማቅረቤ በፊት በግልጹ ልንገርዎት ብዬ ነው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ይሞትብኛል ብዬ ፈርቻለሁ። አሁን ወደ አክብሮቱ ልመለስና ምስጋናዬንና ቅሬታዬን፣ መምሪያዎ እንደሚወደው፣ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ አዲሱን መመሪያ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። ቀድሞ የነበረው መመሪያ ሰውን በዕድሜ ከፋፍሎ ከሃምሳ ዓመት በላይ ላለው ሃያ ደቂቃ ይሰጥ ነበር፤ ባለቤቴም ባለፈው ዓመት በአሥራ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ጨርሶ፣ እያለከለከም ቢሆን በራሱ እግር አልፏል። እርስዎ ግን በመግቢያው ገጽ ላይ «ለብቃት ዕድሜ የለውም» ብለው ጽፈው፣ ለሃያ ሁለት ዓመቱ ጎረምሳም ለሃምሳ አንድ ዓመቱ ሬዲዮ ጠጋኝም እኩል አሥራ ስምንት ደቂቃ፣ እኩል አርባ ፑሽ አፕ መደቡ። ሐኪም ያልቻለውን፣ ጸሎትም ያላመጣውን፣ እርስዎ በአንድ ፊርማ አደረጉትና ባለቤቴን ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መለሱልኝ። ጉልበቱ ብቻ ይህ መመሪያ ሳይደርሰው ቀርቶ፣ አሁንም እንደ ሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ይንቋቋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ወገብ ልኬቱ የሙያ አስተያየት እንድሰጥ ይፈቀድልኝ። ፈታኞችዎ የሚለኩበት ሜትር የጨርቅ ነው፤ የጨርቅ ሜትር ደግሞ ሲያረጅ ይለጠጣል፣ የተለጠጠ ሜትርም ሰውን ያቀጥናል። በዚህ ምክንያት በሠራዊቱ ውስጥ ከማውቃቸው ወገቦች መካከል ቢያንስ አሥራ አንዱ በመዝገብዎ ላይ ካሉት ይሰፋሉ። ሱሪያቸውን የማሰፋው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ስማቸውን ግን አልናገርም፤ እነሱም ልጆች አሏቸው።

ሦስተኛ፣ ስለ ምስክር ወረቀቱ። ከአራት ወር በፊት ባለቤቴ በአዲሱ መመሪያ ተፈትኖ በአሥራ ሰባት ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት ሰከንድ ስለጨረሰ፣ መምሪያዎ «አርባ ሁለት ሰከንድ በማሻሻል ላሳየው የላቀ ጥረት» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት ልኮልናል። በዚያው ወረቀት ግርጌ፣ በሚቀጥለው ፈተና ለዕድሜ እኩዮቹ አርአያ ሆኖ ከፊት እንዲሰለፍ መመረጡ ተገልጿል። ክቡር ሆይ፣ አርባ ሁለቱ ሰከንድ ከየት እንደመጡ የማውቅ ሰው በመሆኔ፣ ማወቅም ስላስፈራኝ፣ ታሪኩን ልንገርዎት።

የመሮጫ ሜዳዎ በአንድ ጎኑ ከመጋዘኑ ጀርባ ያልፋል። እዚያ ቦታ ላይ መቶ እርምጃ ያህል፣ ሰዓት የያዘው ፈታኝዎ ማንንም አያይም። የሬዲዮ ክፍል ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አንድ ልማድ አላቸው፤ የደከመ ጓደኛ እዚያች መቶ እርምጃ ላይ ሲደርስ ሁለት ብርቱዎች ከግራና ከቀኝ ቀበቶውን ይዘው ያንሳፍፉታል፣ ከመጋዘኑ ሲወጡ ይለቁታል። በዚህ መንገድ ከዚያ ክፍል በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልወደቀም። ለባለቤቴ የተመደቡት ሁለቱ ወዳጆቹ ናቸው፤ ቁመቱ የትየለሌ ስለሆነ አንቴና የሚሉት፣ ድካም ስለማያውቅ ደግሞ ባትሪ የሚሉት። በመዝገብዎ ላይ በዚህ ስም የሚጠራ ወታደር ስለሌለ ባይፈልጓቸው ድካም ይቀንስልዎታል።

ከፈተናው ሳምንት ቀደም ብለው ሁለቱም እየተሳሳቁ ሱቄ መጡ። የስፖርት ሱሪ ቀበቶ የለውም፤ ላስቲኩን ሲይዙት ደግሞ ይለቃል። አንቴና፣ «እትዬ፣ ከኋላ ወገቡ ላይ በደንብ የሚያዝ ነገር ይስፉልን፤ እኛ እያለን እሱ አይወድቅም» አለኝ። እኔም ስቄ ሰፋሁላቸው። ከቦርሳ ማንገቻ ቆርጬ፣ ከሱሪው ጋር አንድ ዓይነት አረንጓዴ መርጬ፣ ከውስጥ በኩል አራት ጊዜ ደጋግሜ ሰፋሁት፤ ሁለት ሰው ቢጎትተው ሱሪው ይቀደዳል እንጂ እሱ አይበጠስም። በሥራዬ ኮርቼ ነበር። ያን ጊዜ ባለቤቴ ያረጀ መስሎኝ ነበር እንጂ የታመመ አልመሰለኝም።

ሰባት ዙር ከግማሽ ሮጠ፤ ሰባት ጊዜ ከመጋዘኑ ጀርባ እግሩ መሬት ሳይነካ በረረ፤ ሰባት ጊዜ ከፈታኙ ፊት ሲደርስ ደግሞ የተሰጠውን ፍጥነት ላለማሳፈር ብቻውን ሮጠ። ሁለቱ ወጣቶች እንደ ወንድም ነው የያዙት። በፍቅር ይዘው፣ ልቡ ባልጠየቀው ፍጥነት እያስሮጡ፣ እኔ በሰፋሁት ማንጠልጠያ እየጎተቱ ሊገድሉት ነበር። ወደ ቤት ሲመጣ ከንፈሩ ጠቁሮ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል አልተነሳም። «ጨጓራዬ ነው» አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የእርስዎ ምስክር ወረቀት መጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና፣ አሁን በመምሪያዎ ዘንድ ባለቤቴ እየተሻሻለ ያለ ሰው ነው፤ ይህን የያዘውን ወረቀት ማንም አያስለቅቀውም።

አራተኛ፣ ስለ ሌላኛው ወረቀት። ባለፈው ወር አንድ ቀን የደንብ ልብሱን የኪስ ቁልፍ ልተካ ስል፣ ኪሱ ውስጥ ስምንት ቦታ የታጠፈ የሐኪም ወረቀት አገኘሁ። ለእኔ «ጨጓራ ነው ተባልኩ» ብሎኝ ነበር። የጻፈውን ሐኪም ፈልጌ አገኘሁትና ባለቤቱ መሆኔን ነግሬ ትርጉሙን ጠየቅሁት። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ወንበር ሳበልኝ። «እህቴ፣ የልቡ ጡንቻ ደክሟል። ይህ ሰው ደረጃ እንኳ ቀስ ብሎ ነው መውጣት ያለበት» አለኝ። ይሮጣል እኮ አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «እንደሱ ከሆነ አንድ ቀን ሲሮጥ ይቀራል» አለኝ።

ወረቀቱን እንደነበረ ስምንት ቦታ አጥፌ ኪሱ መለስኩት። እስከ ዛሬ ማወቄን አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የቤታችንን ኑሮ ቢያዩት ይገረሙ ነበር። ባለቤቴ ደረጃ ሲወጣ በየፎቁ ቆሞ የጫማውን ክር ያስራል፤ በመላው ሠራዊትዎ ውስጥ እንደ እሱ ጫማው የጠበቀ ሰው የለም። ልጃችን ከእሱ ጋር ስትወጣ ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፍ የጠፋባት ትመስላለች፤ እሱ እስኪያርፍ ድረስ ትፈልጋለች፣ ከዚያ ታገኘዋለች። እኔ ደግሞ የልብ ድካም እግር ያሳብጣል ስለተባልኩ፣ አዲስ ካልሲ ልሠራልህ ነው ብዬ ቁርጭምጭሚቱን እለካለሁ። ጠዋት ሃያ አራት ሳንቲም፣ ሲመሽ ሃያ ሰባት። ትናንት ሃያ ስምንት ነበር። ይህ ሜትር አዲስ ነው፣ አልተለጠጠም።

ለምን ይደብቃል ብለው ቢጠይቁ መልሱን አውቀዋለሁ። የድሮው የክፍላቸው አለቃ ዓምና በጤና ምክንያት ተሰናበተ። ሰውየው አሁንም በየጠዋቱ ጫማውን ጠርጎ እስከ ካምፑ በር ድረስ ይመጣል፤ ዘበኛውን ሰላም ብሎ ይመለሳል። ከሱቄ ቁጭ ብዬ በየቀኑ አየዋለሁ። ባለቤቴም ያየዋል። አንድ ቀን በመስኮቱ እያየው፣ «ከዚህስ ሜዳው ላይ ብደፋ ይሻለኛል» አለ። ለራሱ ነበር የተናገረው፤ እኔ ግን መቀሱን ከእጄ ጣልኩት።

አምስተኛ፣ ከፈተና ነፃ ስለመሆኛው ቅጽ። በመመሪያዎ መሠረት ቅጹ የሚሰጠው ተፈትኖ ላልቻለ ሰው ብቻ ነው። ማለትም አንድ ሰው መሮጥ እንደማይችል ለማስረዳት መጀመሪያ ሮጦ መውደቅ ይኖርበታል፤ ከወደቀበት ተነስቶም ቅጹን ራሱ መሙላት አለበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው አባባል በአንቀጽ ተጽፎ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የእኛው ሰው ደግሞ ጭራሽ መውደቅ አይችልም፤ አንቴናና ባትሪ አሉለት።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩን መጠበቅ ግን አቃተኝ። ያለ ቁጥር ይፍቀዱልኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሁለቱ ወዳጆች ሱሪውን ይዘው ተመልሰው መጡ። ሐሙስ ከፊት ስለሚሰለፍ ቶሎ የሚያዝ ሁለተኛ ማንጠልጠያ እንዲጨመርለት ፈልገው ነው። ባትሪ ወጣ ሲል ለአንቴና ግማሹን ነገርኩት፤ ደህና እንዳልሆነ፣ ባይዙት እንደሚሻል። ልጁም፣ «እትዬ፣ ካልያዝነው ብቻውን ይሮጣላ። እሱን ያውቁት የለ» አለኝ። እውነቱን ነው። ቢይዙት ይገድሉታል፣ ቢለቁትም ራሱን ይገድላል። ሱሪው ማሽኔ ላይ አራት ቀን ተቀመጠ። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውን አልሰፋሁም፤ የመጀመሪያውንም ፈትቼ አወጣሁት። አራት ጊዜ የተሰፋ ነገር መፍታት ከመስፋት ይብሳል። ለዚህ ማንጠልጠያ ቅጣት ካለ የእኔ ነው፤ ወጣቶቹ የለመኑኝን ብቻ ነው የተቀበሉት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔም ተጨንቄ መመሪያዎን ተውሼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ በአንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። «ስለ ተፈታኙ ሕመም በጽሑፍ የተነገረው ኃላፊ፣ ሐኪም ሳያየው ቢያሰልፈው በግሉ ተጠያቂ ይሆናል» ይላል። ማን መናገር እንዳለበት አይልም። ሚስት አትችልም አይልም። ልብስ ሰፊ አትችልም አይልም።

በደስታ ጽፌ መዝገብ ቤትዎ ወሰድኩት። የመጀመሪያውን «ባለጉዳዩ ራሱ ይምጣ» ብለው መለሱልኝ። ሁለተኛውን የወጪ ቁጥር የለውም ብለው መለሱልኝ፤ ልብስ ሰፊ የወጪ ቁጥር ከየት እንደምታመጣ ግን አልነገሩኝም። ሦስተኛውን ተቀበሉኝ፣ ማኅተም መቱበት፣ እኔም ልቤ ዐረፈ። በሳምንቱ ስሄድ ወደ ሕክምና ክፍል ተመርቷል ተባልኩ፤ ሕክምና ክፍል ወደ እናንተ መልሰናል አሉኝ፤ እናንተ ደግሞ አልደረሰንም አላችሁ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን የተመላለስኩት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። በመጨረሻ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እስከ በር ሸኘችኝና፣ «እህቴ፣ እኔ ልበልሽ? ሰው ሁሉ የሚያየው ካልሆነ እዚህ ቤት ወረቀት አይገኝም» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ የወጣው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ የጠየቀው ጽሑፍ ይህ ነው። የሬዲዮ ጥገና ክፍሉ ሃምሳ አለቃ፣ ሐሙስ ጠዋት ከፊት እንዲሰለፍ የመረጡት ሰው፣ የልብ ሕመምተኛ ነው። ነገርኩዎት። ዛሬ ጠዋት ከኪሱ መልሼ ያወጣሁት የሐኪም ወረቀት ቅጂና የባለቤቴ መለያ ቁጥር ለመምሪያዎ ለብቻው ተልኳል። ከዛሬ ጀምሮ አልሰማሁም ማለት አይችሉም፤ ጋዜጣውን የገዛ ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።

ስሙን አልጻፍኩም፤ ግን ምን ዋጋ አለው። ጋዜጣው በየቀኑ ረፋድ ላይ ሬዲዮ ክፍል ይደርሳል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሱም ጋ ይደርሳል። ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር በሰው ፊት አሳፍሬው አላውቅም፤ አሁን ግን በአገር ፊት ገመናውን ዘረገፍኩት። የሚፈራው በር ላይ መጥቶ መመለስን ነው፤ እኔም በገዛ እጄ ወደዚያ በር ገፋሁት። ያነበበው ዕለት ሲመጣ በደረጃው ላይ እንዴት እንደሚያየኝ አላውቅም፤ ይህንንም እፈራለሁ። ምናልባት ለወራት አያናግረኝም ይሆናል። ያኩርፈኝ። ለማኩረፍ ሰው በሕይወት መኖር አለበት።

ለአገር ጉልበት የማይታክተውን መምሪያዎን፣ ዕድሜን በፊርማ የሚሽረውን ብዕርዎን፣ ከመጋዘኑ ጀርባ የማያየውን ፈታኝዎንና ወረቀት የማይጠፋበት እየመሰለ የሚጠፋበትን መዝገብ ቤትዎን በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሳሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ቀድሜ በሜዳው አጥር አጠገብ የምቆም መሆኔን በትሕትና አሳውቃለሁ።

የታዘዘችውን ሁሉ ስትሰፋ የኖረች፣
ከካምፑ በር ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ ይህኛው ከጠፋ በየጋዜጣ መሸጫው ይገኛል።
ለሬዲዮ ጥገና ክፍል፣ ለሁለቱ ወንድሞቼ፤ አመሰግናለሁ፣ እባካችሁ ልቀቁት።
ለባለቤቴ፣ አውቃለሁ። ካወቅሁ አንድ ወር ሆኖኛል።

ተጨማሪ፦ ከሐኪሙ ወረቀት የላክሁልዎ ቅጂውን ብቻ ነው፤ ዋናውን ለራሴ ያስቀረሁት መምሪያዎን ሳላምን ቀርቼ እንዳይመስልዎት። የመመሪያዎ የመጨረሻ ገጽ፣ «ተፈታኝ በፈተና ላይ ሕይወቱ ቢያልፍ ቤተሰብ ንብረቱን ለመረከብ የሕክምና ማስረጃውን ዋና ቅጂ ይዞ ይቅረብ» ይላል። ቅጽ ቁጥሩ፣ የሚቀርብበት ሰዓትና የሚቀርብበት መስኮት ሳይቀር ተጽፏል። ለሕያው ሰው የሚሆን ቅጽ ፈልጌ ባላገኘሁበት መጽሐፍ ውስጥ ይህን ቀን እንዲህ አስቀድሞ ያሰበልኝን ሰው ያመስግኑልኝ።